ሱሪ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

(ጠባብ የልብስ ስፌት ክፍል። ሁለት የስፌት መኪናዎች ፊት ለፊት ተፋጠዋል። በየመኪናው ጎን ለአንድ የሙዚቃ ጓድ የታዘዙ ባለመስመር ኮቶች ተከምረዋል፤ እጅጌ ያልተተከለላቸው፣ ገበር ያልገባላቸው፣ ቁልፍ ያልተሰፋላቸው። ሥራ ላይ ያሉት ሁለት ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ አንዱን «ምሁሩ»፣ ሌላውን «እንቁላል» ይሏቸዋል። የምሁሩ ክምር ከጉልበቱ አይበልጥም። የእንቁላል ክምር ትከሻውን አልፏል። ሁለቱም መደገፊያ የሌለው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ከመጋረጃው ጀርባ የቤቱ ባለቤት እትዬ ካውያ ይዘው ይተኩሳሉ። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።)

ምሁሩ፦ አንድ ነው አልኩህ።

እንቁላል፦ ሁለት ነው።

ምሁሩ፦ ሱሪ እኮ ነው የምልህ። አንድ ሱሪ።

እንቁላል፦ እኔም የምልህ ሱሪ ነው። እግሩን ቁጠረው።

ምሁሩ፦ እግሩን ማን ጠየቀህ? ደንበኛ መጥቶ «ሱሪ ስፋልኝ» ቢልህ ሁለት ሰፍተህ ትሰጠዋለህ?

እንቁላል፦ አንድ እግሩን ብቻ ሰፍቼ ብሰጠውስ ይወስደዋል?

ምሁሩ፦ (መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርጋል) ይኸው። እንዲህ እያልክ ነው ሆቴል ለመቀጠር እንግሊዝኛ ልትፈተን የምትሄደው። እንቁላል ያልንህ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለን ነበር። አንተ ግን ቀስ የምትለዋን ብቻ ይዘህ ቀረህ።

እንቁላል፦ ታዲያ የፈተናው ወረቀት ምን ይላል?

ምሁሩ፦ «ትራውዘርስ ኢዝ» ወይስ «ትራውዘርስ አር» ይላል። እኔ «ኢዝ»ን አከበብኩ። አንድ ሱሪ ነዋ። ፈታኟ ስህተት ነው አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሱሪ ሰፍቼ፣ ሱሪ ስንት እንደሆነ ገዝታ የምትለብስ ሰው ልትነግረኝ?

እንቁላል፦ ምን አልካት?

ምሁሩ፦ ምንም። አውልቄ ላስቆጥራት ስል ዘበኛው ቀደመኝ።

እትዬ፦ (ከመጋረጃው ጀርባ) እናንተ፣ መኪናው ዝም አለሳ። ነግሬያችኋለሁ፤ ክምሩን የጨረሰ ፈተናው ይሂድ፣ ያልጨረሰ እዚሁ ይቀመጥ። ሆቴሉ አስር ሰዓት ላይ በሩን ይዘጋል ያላችሁኝ ራሳችሁ ናችሁ።

ምሁሩ፦ እየሠራን ነው እትዬ። (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) የኔንስ ሳሳል እጨርሳታለሁ። ላንተ ነው የማዝነው።

እንቁላል፦ እኔም ለኔ ነው የማዝነው። ያንን ወንበር ካየሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ምሁሩ፦ የምን ወንበር?

እንቁላል፦ የሆቴሉን። ባለፈው የአስተናጋጆቹን ሰደርያ ላደርስ ሄጄ ልብስ የሚሰፋበትን ክፍል አሳዩኝ። ወንበሩ መደገፊያ አለው። ማንም አልተቀመጠበትም። ብቻውን፣ ግድግዳውን አስደግፈውት። እኔ እዚህ ዱካ ላይ ወገቤ ተጣሞ፣ ቤት ስገባ ባለቤቴ እንደ ሜትር ጠቅልላ ነው የምታስተኛኝ። እዚያ ግን ወንበሩ ራሱ መደገፊያ ይዞ መደገፊያ ተሰጥቶታል። ሳየው እንባዬ መጣ።

ምሁሩ፦ አይምጣ። ወንበሩ የኔ ነው። የሚቀጥሩት አንድ ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ ልምድ አለኝ። ሦስት ጊዜ ተፈትኛለሁ።

እንቁላል፦ ስንት አመጣህ?

ምሁሩ፦ (ክር በጥርሱ ይበጥሳል) ውጤት የሚጠይቅ ሰው እውቀት አይወድም።

እንቁላል፦ እሺ። ስንት አመጣህ?

ምሁሩ፦ ዜሮ።

እንቁላል፦ ከስንት?

ምሁሩ፦ ዜሮ ከስንት ቢሆን ምን ያደርግልሃል? ከአስር።

እንቁላል፦ ሦስቱንም ጊዜ?

ምሁሩ፦ ሦስቱንም። ጥያቄዎቹን አይቀይሯቸውም፣ እኔም መልሴን አልቀይርም። እኔ የምወላውል ሰው አይደለሁም።

እንቁላል፦ ምርጫው ስንት ነው?

ምሁሩ፦ ሁለት። ሀ ወይ ለ።

እንቁላል፦ ዓይኔን ጨፍኜ ባከብ ግማሹን አገኝ የለም እንዴ?

ምሁሩ፦ አየህ፣ ልዩነታችን እዚህ ጋ ነው። የማያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ግማሹን ያገኛል። ዜሮ ለማምጣት ግን አንዷም ጥያቄ በአጋጣሚ እንዳታመልጥህ መጠንቀቅ ይጠይቃል። ዜሮ ያለ እውቀት አይመጣም።

እንቁላል፦ (መርፌውን አንስቶ፣ መልሶ አስቀምጦ፣ ጣሪያውን እያየ ያስባል) እውነትህን ነው።

ምሁሩ፦ ገባህ?

እንቁላል፦ ቀስ እያለ እየገባኝ ነው። ወንድምዓለም፣ እባክህ አስተምረኝ።

ምሁሩ፦ ተፎካካሪዬን ላስተምር? ደህና አይደለህም።

እንቁላል፦ የምን ተፎካካሪ? ክምሬን እየው እንጂ። በምን ተአምር ጨርሼ አስር ሰዓት እደርሳለሁ? እንዲያው አንተን የመሰለ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ደንቆሮ ሆኜ ልሙት ወይ ብዬ ነው።

ምሁሩ፦ (ክምሩን ያያል፤ ይረጋጋል) እሱስ፣ አንተ አትደርስም። እሺ ጠይቀኝ።

እንቁላል፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድነው?

ምሁሩ፦ ባለቤትና ግስ ይስማማሉ ወይ ነው። «ቦይስ ጎ» ወይስ «ቦይስ ጎስ»።

እንቁላል፦ በአፍ አይገባኝም። ጭንቅላቴን ታውቀዋለህ፣ እጄ ካልነካ አይቀበልም። በጨርቅ አሳየኝ።

ምሁሩ፦ (ከራሱ ክምር ኮት ሊያነሳ እጁን ይሰዳል)

እንቁላል፦ ኧረ በሞቴ፣ ያንተን ጨርቅ በኔ ድንቁርና አታበላሽ። የኔን ውሰድ።

ምሁሩ፦ (ከእንቁላል ክምር አንድ ኮት ይስባል) ትሕትናህን እወዳለሁ። ይኸውልህ፣ ባለቤት ማለት ይሄ የኮቱ ገላ ነው። ግሱ ደግሞ እጅጌው ነው፤ የሚንቀሳቀሰው እሱ ነዋ። ገላው ባለመስመር ነው። እጅጌውን ምን ታደርገዋለህ?

እንቁላል፦ ያልታጠበ?

ምሁሩ፦ ባለመስመር። ባለመስመር ገላ፣ ባለመስመር እጅጌ። መስማማት ማለት እሱ ነው። ቦይስ ስትል መጨረሻው ላይ ኤስ አለ። ስለዚህ ሂደታቸውም ኤስ ይለብሳል። ቦይስ ጎስ። (ፔዳሉን ይረግጣል። እጅጌው ገባ።)

እንቁላል፦ አንድ ልጅ ብቻውን ሲሄድስ?

ምሁሩ፦ ቦይ ጎ። ምን የሚለብሰው አለ? ራቁቱን መጣ፣ ራቁቱን ሄደ።

እንቁላል፦ እኔ ግን በሬዲዮ «ሂ ጎስ» ሲባል የሰማሁ ይመስለኛል።

ምሁሩ፦ ሬዲዮ አፍ እንጂ መርፌ የለውም። መስመሩን አያገናኝም።

እንቁላል፦ በፈተናው ላይ እንዲህ ነው ያከበብከው? እርግጠኛ ነህ?

ምሁሩ፦ ሦስቱንም ጊዜ።

እንቁላል፦ ያዝኩት። የግራው እጅጌ ገብቶኛል። የቀኙ ግን አልገባኝም።

ምሁሩ፦ ያው እኮ ነው።

እንቁላል፦ ላንተ ያው ነው።

ምሁሩ፦ (እየተነጫነጨ የቀኙን እጅጌ ይተክላል) ይኸው። አሁንስ?

እንቁላል፦ አሁን አንዱ ልጅ ፍንትው ብሎ ታየኝ። ብዙ ልጆች ናቸው ያልከኝ ግን የታሉ?

ምሁሩ፦ አስባቸዋ።

እንቁላል፦ አንድ ኮት እያየሁ ብዙ ሰው እንዴት አስባለሁ? ብዙ ቁጥር በአንድ ኮት ይታያል እንዴ?

ምሁሩ፦ (ያስባል) ይሄስ ጥሩ ጥያቄ ነው። አልታይ ይላል። (ከእንቁላል ክምር ኮቶች እየሳበ እጅጌ ይተክላል፤ መኪናው ይጮኻል) ቦይ... ቦይስ... ሌላ ቦይስ... አሁንም ቦይስ...

እንቁላል፦ (ግድግዳውን ተደግፎ፣ እጁን አጣጥፎ) ሰዉ እየበዛ ነው።

ምሁሩ፦ (ላቡን ይጠርጋል) እንግዲህ አንዱን አንተ ሞክረው።

(እንቁላል ኮት ይወስዳል። ምላሱን አውጥቶ፣ ተጠንቅቆ ይሰፋል። ሲያነሳው እጅጌው ከኮሌታው ሥር፣ ጀርባው መሐል ላይ ተንጠልጥሏል።)

ምሁሩ፦ ይሄ ምንድነው?

እንቁላል፦ ሦስተኛ መደብ የሚባለው።

ምሁሩ፦ የት አገር ነው ጀርባው ላይ እጅ ያለው ሰው?

እንቁላል፦ ከበሮ መቺ ነው ብዬ እኮ ነው። እጅ ያንሰዋል።

ምሁሩ፦ ስጠኝ። ስጠኝ ብያለሁ። ሁለተኛ መርፌ እንዳትነካ፣ በዓይንህ ብቻ ተማር። (እጅጌውን ፈትቶ በቦታው ይተክላል። ንዴቱ ሳይበርድለት የቀሩትንም እጅጌዎች ይጨርሳል።)

እንቁላል፦ በዓይኔ ይሻለኛል። እሺ፣ ቀጥል።

ምሁሩ፦ ሁለተኛው የሱሪው ነው፣ ነግሬሃለሁ። ሦስተኛው «ኤቭሪባዲ ኢዝ» ወይስ «ኤቭሪባዲ አር»። ኤቭሪባዲ ማለት ሁሉም ሰው ነው። ሁሉም ሰው ስንት ነው?

እንቁላል፦ እኔን ጨምሮ?

ምሁሩ፦ አንተን ጨምሮ።

እንቁላል፦ እኔን ጨምሮ ከሆነ ብዙ ነው።

ምሁሩ፦ ያለ አንተስ?

እንቁላል፦ ያው ብዙ ነው። ግን አላየውም።

ምሁሩ፦ ብዙ ነው፣ ስለዚህ «አር»። አራተኛው ደግሞ «ባልና ሚስት ኢዝ» ወይስ «አር» ነው። እዚህ ጋ ነው ሞኙ ሁሉ የሚወድቀው። ሁለት ሰው አይቶ «አር» ይላል።

እንቁላል፦ ሁለት አይደሉም?

ምሁሩ፦ አባቶች ምን አሉ? «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል»። ይቀዳሉ አሉ እንዴ? ይቀዳል ነው ያሉት። በኛም ተረት አንድ ናቸው። ስለዚህ «ኢዝ»።

እንቁላል፦ ባለፈው ወር ግን ትራስህን ይዘህ እዚህ ስፌት ቤት የከረምከው አንተ አልነበርክም?

ምሁሩ፦ ያን ሰሞን ነጠላ ቁጥር ነበርኩ። ወደ ትምህርታችን ተመለስ።

እንቁላል፦ «ኢዝ»ን ነው ያከበብከው?

ምሁሩ፦ ሦስቱንም ጊዜ። ስንቴ ትጠይቀኛለህ?

እትዬ፦ (ከመጋረጃው ጀርባ) ዛሬ መኪናው ሲጮህ ደስ ይላል። በርቱ።

ምሁሩ፦ እየበረታን ነው እትዬ። አምስተኛ፣ ማወዳደሪያ ቃላት። ይሄ ሰው የሚጨርስ ትምህርት ነው፤ ልብ ብለህ ስማኝ። «ቢግ» ትልቅ። «ቢገር» ከእሱ የሚበልጥ።

እንቁላል፦ በኛ አፍ እኮ «ከ» የምትባል አንዲት ፊደል ናት ሁሉንም የምታበላልጠው። ከኔ ትልቅ፣ ካንተ ትንሽ። አለቀ።

ምሁሩ፦ ለዚህ ነው ኮታችን ሁሌ የሚያጥረው። ፈረንጅ እንዲህ አይቆጥብም። «ቢገር» ብሎ አይተወውም። አሁን ይሄ ኮት አለቀ ይባላል?

እንቁላል፦ ገበር የለውም።

ምሁሩ፦ ገበር የለውም። ገበር የሌለው ኮት ትከሻ ላይ አይቆምም። «ቢገር»ም እንዲሁ ብቻውን አይቆምም፣ ገበር ይፈልጋል። ገበሩ «ሞር» ይባላል። «ሞር ቢገር»። (ሳያስበው የእንቁላልን ኮት ገልብጦ ገበሩን ያስገባል) ዳሰው። ሞቀህ?

እንቁላል፦ (ይዳስሳል) ሞር ሞቀኝ።

ምሁሩ፦ ጎበዝ። አሁን ነቃህ።

እንቁላል፦ እንግዲህ ይሄኛው ከዚያኛው ይበልጣል ማለት ነው።

ምሁሩ፦ ይበልጣል።

እንቁላል፦ ያኛውስ ከማን ይበልጣል?

ምሁሩ፦ ከማንም። ገበር የለውማ።

እንቁላል፦ (ኮቱን አቅፎ) ያሳዝናል። ምን አጥፍቶ? ከአንድ ጣቃ ተቆርጠው መጥተው አንዱ ባለገበር፣ አንዱ ሜዳ ላይ።

ምሁሩ፦ ልብህ ቅቤ ነው። አምጣው። (ገበር ያስገባለታል)

እንቁላል፦ ከሱ ቀጥሎ ያለውም እያየን ነው።

ምሁሩ፦ አምጣው።

(መኪናው ይጮኻል። ኮቶቹ በየተራ ይገለበጣሉ። ምሁሩ «ሞር» እያለ ያስገባል፣ እንቁላል «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ያጥፋል። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ጥያቄ በዚሁ መሐል ጨረሱ። ከፀሐዩ ጋር የመስኮቱ ጥላ ዞሯል።)

እንቁላል፦ አሁን ደግሞ ሁሉም እኩል ሆኑ። ማን ይበልጣል?

ምሁሩ፦ ወደ ስምንተኛው መጣህልኝ። «ጉድ» ማለት ጥሩ። ከሱ የሚሻለው ምን ይባላል?

እንቁላል፦ እ... «ቤተር» የሚባል ነገር ሰምቼ ነበር።

ምሁሩ፦ (ይስቃል፤ ስቆ ስቆ መርፌው ላይ ከመቀመጥ ለጥቂት ይተርፋል) ቤተር! ጉድ ከየት አምጥቶ ነው ቤተር የሚሆነው? አንድ ኮት ስትሰፋ ገላውን ከአንድ ጣቃ ቆርጠህ እጅጌውን ከሌላ ጣቃ ታመጣለህ?

እንቁላል፦ ቀለሙ አይገጥምም።

ምሁሩ፦ አይገጥምማ። «ጉድ፣ ጉደር፣ ጉደስት»። ከአንድ ጣቃ። ቤተር ያለህ ሰው ቁርጥራጭ ነው የሸጠልህ።

እንቁላል፦ አንተ ግን ጉደርን ነው ያከበብከው።

ምሁሩ፦ ጉደርን። ሦስቱንም ጊዜ። ፈታኟ ቀይ እስክሪብቶ አንስታ ሰረዘችው። ምቀኝነት እንዴት ቀይ እንደሆነ ያን ቀን አየሁ።

እንቁላል፦ ጉድ፣ ጉደር... ሦስተኛውን እረሳዋለሁ። ምልክት ብታደርግልኝ።

ምሁሩ፦ የምን ምልክት?

እንቁላል፦ እኔ እንጃ። ኮቱ ሦስት ሦስት ቁልፍ አይደል ያለው? የታችኛው ጉድ፣ የመሐሉ ጉደር ቢሆን።

ምሁሩ፦ (ዓይኑ ይበራል) የላይኛው ጉደስት። አየህ፣ አስተማሪ ጥሩ ሲሆን ተማሪም ሐሳብ ይወልዳል። (ቁልፍ ይሰፋል) ጉድ። ጉደር። ጉደስት። በል ድገመው።

እንቁላል፦ ጉድ፣ ጉደስት...

ምሁሩ፦ ጉደርስ?

እንቁላል፦ ጠፋችኝ። በሌላ ኮት አሳየኝ።

ምሁሩ፦ (ሌላ ኮት) ጉድ። ጉደር። ጉደስት።

እንቁላል፦ ጉደር፣ ጉድ...

ምሁሩ፦ አንተ ሰውዬ ጭንቅላትህ ውስጥ ያለው ምንድነው? (ሌላ ኮት)

እንቁላል፦ አይዞህ፣ እየቀረብኩ ነው። ዘጠነኛውንም እየሰፋህ ንገረኝ።

ምሁሩ፦ (ቁልፍ እየሰፋ) «ሺ ሃቭ» ወይስ «ሺ ሃዝ»። ሃቭ። እሷ ካላት አላት ነው፣ ምን ያዞረዋል። አስረኛው «ሞስት ቢዩቲፉል» ወይስ «ቢዩቲፉለስት»። ሁለተኛው። ቆንጆ ነገር ጭራው ይረዝማል፣ የሙሽራ ቀሚስ አታይም? (የመጨረሻውን ኮት የመጨረሻ ቁልፍ ያጠብቃል) ጉደስት። በል አሁን።

እንቁላል፦ ጉድ፣ ጉደር፣ ጉደስት።

ምሁሩ፦ (ክሩን በጥርሱ ይበጥሳል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል) አወቅከው። እንቁላል፣ አወቅከው እኮ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ያስተማርኩት ሰው ሲገባው ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

እንቁላል፦ እግዜር ያክብርህ። (ኮቶቹን አነባብሮ፣ አቅፎ ወደ መጋረጃው ይገባል)

እትዬ፦ (ከመጋረጃው ጀርባ) ይሄ የማን ስፌት ነው? እጅጌው ቀጥ ብሎ፣ ገበሩ ሳይጨማደድ። እንቁላል፣ እንዲህ ስትሰፋ አይቼህ አላውቅም።

እንቁላል፦ (ከዚያው) እኔም አላየሁም እትዬ። ዛሬ ጥሩ አስተማሪ ገጥሞኝ ነው።

እትዬ፦ ከሆነ ሂድ፣ ይቅናህ። ሆቴሉ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፣ ትደርሳለህ።

(እንቁላል ይመለሳል። ከምስማሩ ላይ ጃኬቱን ያወርዳል። ፀጉሩን በምራቁ ያስተኛል።)

ምሁሩ፦ የት ነው?

እንቁላል፦ ፈተና ነዋ።

ምሁሩ፦ ክምርህስ?

እንቁላል፦ አልቋል።

ምሁሩ፦ (ዞሮ ያያል፤ ከመኪናው ጎን ባዶ ወለልና ጥቂት ክር ብቻ አለ) ማን ጨረሰው?

እንቁላል፦ ብዙ ቁጥር።

ምሁሩ፦ (እጁን ያያል። ጣቶቹ በመርፌ ተበሳስተዋል። ቀስ ብሎ የራሱን ክምር ያያል። እንደነበረ አለ።) አንተ... እኔን ነው?

እንቁላል፦ በጨርቅ ካላየሁ አይገባኝም ብዬህ ነበር።

ምሁሩ፦ (ራሱን ለማረጋጋት ይሞክራል) ይሁን። ሂድ። ብትሄድም የትም አትደርስ። ያስተማርኩህን ብታከብ እነዚያ ምቀኞች ያው ዜሮ ነው የሚሰጡህ።

እንቁላል፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሌላኛውን የማከበው።

ምሁሩ፦ የቱን ሌላኛ?

እንቁላል፦ አንተ «ሀ» ያልከው ላይ «ለ»ን፣ «ለ» ያልከው ላይ «ሀ»ን። ምርጫው ሁለት ነው፣ አንተ አስሩንም ስተሃል። አንዷን እንኳ በአጋጣሚ አግኝተህ ቢሆን ኖሮ እጨነቅ ነበር፤ የትኛዋ እንደሆነች በምን አውቃለሁ? ግን አንተ እንዳልከው ተጠንቅቀሃል።

ምሁሩ፦ (የተበሳሱ ጣቶቹን አንድ በአንድ እስከ አስር ይቆጥራል) ማለት... እኔ አስር ከአስር ነው ያስተማርኩህ?

እንቁላል፦ አንዷን ሳትስት። ካንተ የተሻለ አስተማሪ የለም፣ ከልቤ ነው የምልህ። እዚያ ወንበር ላይ ደገፍ ባልኩ ቁጥር አስብሃለሁ። (ይወጣል)

ምሁሩ፦ (ለአፍታ ኩራት ፊቱ ላይ ያልፋል፤ ከዚያ ይባንናል። ዘሎ መስኮቱን ይከፍታል) እንቁላል! ቆይ! ሱሪ ሁለት ነው! አሁን ትዝ አለኝ፣ ሁለት ነው! ቤተርም ልክ ነው!

እንቁላል፦ (ድምፁ ከመንገድ) የመጀመሪያው መልስህ ይበቃኛል፣ ወንድምዓለም። አንተ የምትወላውል ሰው አይደለህም።

(ምሁሩ መስኮቱ ላይ ይቀራል። እትዬ ካውያውን እንደያዙ መጋረጃውን ገልጠው ይወጣሉ። ክምሩን ያያሉ።)

እትዬ፦ ያንተስ? ፈተና አለብኝ ስትል አልነበር?

ምሁሩ፦ ትንሽ ናት እትዬ። ሳሳል እጨርሳታለሁ ብዬ ነበር።

እትዬ፦ እንግዲያው ሳላ።

(ምሁሩ ዱካው ላይ ይቀመጣል። ሊደገፍ ወደ ኋላ ይላል፤ ምንም ስለሌለ ሊወድቅ ሲል መኪናውን ይይዛል። እትዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ።)

እትዬ፦ ያ ማነው እንዲህ መንገዱን እያቋረጠ የሚሮጠው?

ምሁሩ፦ (ኮት አንስቶ፣ እጅጌ እየፈለገ) እንቁላል ነው።

እትዬ፦ በእግሩ?

ምሁሩ፦ በእግሩ ነው እትዬ። እጁ ግን የኔ ነበር።